አራት ጄል ወይስ አንድ ሊቲየም? ለቤት የሚሆን የሶላር ባትሪ ምክር እፈልጋለሁ

የሰሚቷ
ሰላም ቤተሰብ። ሰሚት አካባቢ ባለ ቆርቆሮ ጣሪያ የግቢ ቤት ውስጥ ነው የምንኖረው። የመብራቱን ነገር ለእናንተ አልነግራችሁም፤ አንዳንዴ ሃያ ደቂቃ ጠፍቶ ይመጣል፣ አንዳንዴ ማታ የሄደው ጠዋት ነው የሚመለሰው። እናቴ ኢንሱሊን ትወስዳለች፣ ስለዚህ ፍሪጁ እንዲቆም አልፈልግም። እኔም ሥራዬ ከቤት በላፕቶፕ ነው።

ሁለት ፕሮፎርማ ይዣለሁ። ሁለቱም ላይ ባለ 5 ኪሎዋት ኢንቨርተርና ባለ 550 ዋት ስድስት ፓኔል አለ፤ ኢንቨርተር ማለት የፓኔሉንና የባትሪውን ኃይል የቤት ዕቃ ወደሚጠቀምበት መብራት የሚቀይረው ነው። የሚለያዩት በባትሪው ነው። አንደኛው አራት ጄል ባትሪ፣ እያንዳንዱ 12 ቮልት 200 አምፒር ሰዓት። ሁለተኛው አንድ ሊቲየም፣ 51.2 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት። ሊቲየሙ ዋጋው በጣም ይበልጣል። የጄሉ ሻጭ «ቁጥሩን እዪው እንጂ እህቴ፣ የእኔ እጥፍ ነው» ይለኛል። የሊቲየሙ ደግሞ «ጄል ጊዜው አልፎበታል» ብሎ ዝም። ማንን ልመን?

እንዲሠራልኝ የምፈልገው ፍሪጅ፣ ዋይፋይ፣ ስድስት አምፖል፣ ቴሌቪዥን፣ ላፕቶፕ፣ ውኃ ወደ ሮቶው የሚገፋው ፓምፕ። ከተቻለ ምጣድም።

ዳቦና ሻይ
ግድቡ ተመርቆ የለ እንዴ? ትንሽ ታገሺ እንጂ ምን ባትሪ አስፈለገ።

ሽቦና ፒንሳ
ዳቦና ሻይ፣ ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል፣ 5150 ሜጋዋት ነው፣ ሁላችንም ደስ ብሎናል። ሰፈር ውስጥ መብራት የሚያጠፋው ግን ብዙውን ጊዜ የተጫነበት ትራንስፎርመር፣ ያዘመመ ምሰሶና ዝናብ ሲመጣ የሚነካካ ሽቦ ነው። ጉባ ላይ ተርባይን ስለዞረ የሰሚት ትራንስፎርመር አይታደስም።

እህቴ ወደ አንቺ ልምጣ። ሥራዬ መግጠም ነው፣ ባትሪ አልሸጥም፤ ስለዚህ ለማንም አላደላም።

ሻጩ እጥፍ ነው ያለሽ ወረቀት ላይ እውነት ነው። አራቱ ጄል ተደምረው 9.6 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናሉ፣ ሊቲየሙ 5.12። ነገር ግን ጄል የእርሳስ ባትሪ ነው፣ ከግማሽ በታች እያወረዱ መጠቀም ዕድሜውን ይቆርጠዋል፤ ስለዚህ በተግባር የምታገኚው 4.8 ነው። ሊቲየሙን ከ80 እስከ 90 በመቶ ማውረድ ይቻላል፣ ማለትም ከ4.1 እስከ 4.6። አዲስ ሳሉ እንግዲህ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ሊቲየሙ ግን ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ዓይነት መሆኑን ፕሮፎርማው ላይ በጽሑፍ አስፍሪ፤ «ሊቲየም» ብቻ የሚል ወረቀት አትቀበዪ።

ትልቁ ልዩነት ያለው ሲሞሉ ነው፤ ይህን ደግሞ ሻጭ አያነሳውም። ባለ 200 ጄል በ20፣ ቢበዛ በ40 አምፒር ነው የሚሞላው። የመጨረሻዋ 20 በመቶ ደግሞ መብራት ቢኖርም ፀሐይ ቢኖርም ቀስ እያለች ነው የምትገባው። ከግማሽ ተነስቶ እስኪሞላ ስድስትና ስምንት ሰዓት ይፈጃል። ሊቲየሙ በ50 አምፒር ከተሞላ ከባዶ ተነስቶ በሁለት ሰዓት ከምናምን ሙሉ ይሆናል። አሁን የሰፈርሽን መብራት አስቢ። ማታ ይሄዳል፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ይመጣል፣ ስድስት ሰዓት ላይ ደግሞ ይሄዳል፤ ወሩ ሐምሌ ነው፣ ሰማዩ ጥቁር ነው። ጄሉ ሳይሞላ መልሶ ይወርዳል። እንዲህ ግማሽ ሆኖ የሚከርም የእርሳስ ባትሪ ውስጡ ሰልፌት ይጋገርበትና አቅሙ እየሳሳ ይሄዳል። ወረቀቱ ላይ ይህን ያህል ሺህ ጊዜ ይሞላል የሚለው በየቀኑ ጥግ ድረስ ለሚሞላ ባትሪ ነው። ሊቲየም አይረን ፎስፌት ግን ግማሽ ላይ ቢውል ቢያድር ግድ የለውም።

ስለዚህ እኔን ብትጠይቂኝ «ስንት ይይዛል» ከሚለው በፊት «መብራቱ ብቅ ባለባት ሰዓት ምን ያህል ይጎርሳል» ብለሽ ጠይቂ።

ፍጆታሽን ደግሞ ለ12 ሰዓት እንቁጠረው። ፍሪጅ ሲነሳ ሲቆም ተደምሮ 0.65 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ። ዋይፋይ 0.2። ስድስት ባለ 9 ዋት አምፖል አምስት ሰዓት ቢበሩ 0.27። ቴሌቪዥን 0.3፣ ላፕቶፕ 0.36። ወደ 1.8 ነው። በዚህ ላይ ራሱ ኢንቨርተሩ አለ፤ ባለ 5 ኪሎዋቱ ምንም ሳይሠራ እንኳ 50 ዋት ያህል ይበላል፤ በ12 ሰዓት 0.6። ጠቅላላ 2.4። ያም ሆነ ይህ ሁለቱም ባትሪ ሌሊቱን ያሳልፍሻል፤ ጥያቄው ከሦስት ዓመት በኋላስ የሚለው ነው።

እማማ ጤፍ
ምጣድ ካልሠራ ያን ሁሉ ብር ማውጣት ምን ይሉታል? እኔ ቤት መብራት የሚሄደው ሁልጊዜ ሊጥ ሲደርስ ነው።

ሽቦና ፒንሳ
እማማ፣ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። ሁለት ሰዓት ቢጋግሩበት 7 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ የሰሚቷን ባትሪ ጨርሶት ሌላ ይለምናል። ለምጣድ ሲባል ባትሪ እጥፍ መግዛት አልመክርም። ምጣዱ ከኢንቨርተሩ ውጭ በራሱ ብሬከር በቀጥታ ከመብራት መስመር ይሁን፤ መብራት ሲኖር ይጋገራል።

የግድ ከሆነ ጥር ላይ ረፋድ አራት ሰዓት ተኩል አካባቢ ጀምሮ ይጋገራል። ያኔ ስድስቱ ፓኔል 2.5 ኪሎዋት ያህል ይሰጣሉ፣ ከባትሪው የሚወሰደው ጉድለቱ ብቻ ነው። ማታ ግን በፍጹም።

ጡረተኛው ኤሌክትሪሺያን
ልጄ፣ የባትሪውን ነገር እነዚህ ልጆች በደንብ ነግረውሻል። እኔ የምጨምረው ሁለት ሦስት ነገር ነው።

የኢንቨርተሩን መመሪያ መጽሐፍ ገልጠሽ ከፍታ የሚለውን መስመር ፈልጊ። ብዙዎቹ ሙሉ ጉልበታቸውን የሚሰጡት እስከ 2000 ሜትር ከፍታ ነው፣ ከዚያ በላይ እየቀነሰ ይሄዳል፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀቱን አይወስድለትም። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ናት፣ ሽሮ ሜዳና ወደ እንጦጦ ያለው ደግሞ ከ2500 በላይ። ስለዚህ 5 ኪሎዋት የተባለውን እዚህ አገር እንደ 4 ቁጠሪው፣ ማራገቢያው ዙሪያም ክፍት ቦታ ተዪለት። ቁም ሣጥን ውስጥ የተዘጋ ኢንቨርተር ብዙ አይቻለሁ።

ፓምፑ ሌላ ነው። አንድ የፈረስ ጉልበት ሲባል 750 ዋት ነው፤ ሲነሳ ግን ለቅጽበት ሦስትና አምስት እጥፍ ይስባል። ኢንቨርተሩ ይችለዋል። የሚያሰጋው ባትሪው ነው። የሊቲየም ባትሪ ውስጥ ቢኤምኤስ የሚባል ጠባቂ አለ፤ አንዳንዱ 100 አምፒር ያሳልፋል፣ አንዳንዱ 50 ብቻ። ባትሪው ላይ የተጻፈው 100 አምፒር ሰዓት የሚይዘው መጠን ነው፣ የሚለቀው አይደለም። 50 ብቻ የሚለቅ ከሆነ 2.5 ኪሎዋት ላይ ይቆምና ፓምፑ ሲነሳ ቤቱ በሙሉ ድርግም ይላል። ያኔ ሰው ኢንቨርተሩ ተበላሸ ይላል።

የመሬት ሽቦና የመብረቅ መከላከያም አትርሺ። ፕሮፎርማ ላይ መጀመሪያ የሚሰረዘው እሱ ነው። ሐምሌና ነሐሴ መብረቁን ታውቂዋለሽ።

ኮንዶ አራተኛ ፎቅ
እኛ ጣሪያ የሌለን ምን እንሁን? ጣሪያው የጋራ ነው፣ ኮሚቴው አይፈቅድም።

ሽቦና ፒንሳ
ያለ ፓኔልም ይሆናል። ባትሪና ኢንቨርተር ብቻ ግዛ፣ መብራት ሲኖር ይሞላል፣ ሲሄድ ይሰጣል። ለኮንዶ ባለ 24 ቮልት ትንሽ ኢንቨርተርና 2.5 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ሊቲየም ይበቃል። ትንሹ ኢንቨርተር ራሱ የሚበላውም ያንሳል። አንተ ጋ ጄል ጭራሽ አይታሰብ፤ ሁለት ሰዓት ብቻ መብራት መጥቶ ሲሄድ የምትሞላው በዚያችው ነው።

ድሬ ከዚራ
ለቆላ ሰዎች ልጨምር። የእርሳስ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ እኛ ጋ ቆርቆሮ ሥር የተቀመጠ ጄል ዕጣው ይኸው ነው። ሊቲየሙም 45 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መሙላት ያቆማል። ወፍራም ግድግዳ ያለው ጥላ ክፍል ፈልጉለት።

ሲልቨር ስፕሪንግ
ሰላም ከሜሪላንድ። አባቴ ጎንደር ነው ያሉት። እዚህ ባለ 1 ኪሎዋት ሰዓት ተንቀሳቃሽ ፓወር ስቴሽን በቅናሽ አለ። ለገና ስመጣ በሻንጣ ይዤው ብመጣስ? አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ፓወርዎል (የቴስላ የቤት ባትሪ) በመርከብ ልላክ ይላል።

ጡረተኛው ኤሌክትሪሺያን
ልጄ፣ በሻንጣ አይሆንም። መንገደኛ አውሮፕላን ላይ ያለ ፈቃድ የሚያልፈው እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው ባትሪ ነው፣ በአየር መንገዱ ፈቃድ እስከ 160። ያንተ 1000 ነው፤ አየር ማረፊያ ላይ ያስቀሩብሃል። ደግሞም የአሜሪካ ዕቃ የሚያወጣው 120 ቮልት 60 ኸርዝ ነው፣ የአባትህ ፍሪጅ የተሠራው ለ220 ቮልት 50 ኸርዝ። ፓወርዎሉም ለአሜሪካ ቤት ሽቦ የተሠራ ነው። ከዱባይ የሚላክ ከሆነ ይገጥማል፤ ከሳዑዲ የሚመጣውን ግን ቮልቱ ቢመሳሰልም አገሩ 60 ኸርዝ ነውና ሰሌዳውን አንብቡት። ገንዘቡን ላክና ጎንደር ካለ ባለሙያ ይግዙ። ሲበላሽ የሚጠግነው ሰው እዚያው መሆን አለበት።

ሲልቨር ስፕሪንግ
እግዜር ይስጥልኝ አባቴ፣ ከብዙ ጣጣ አዳኑኝ።

ባለ ዩዋን
የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ ሰዎች፣ የብዙዎቹ የቻይና መኪኖች ቻርጅ መሰኪያ ላይ አስማሚ ሲሰካ 220 ቮልት ያወጣሉ፤ እንደ ሞዴሉ ከ2 እስከ 3 ኪሎዋት። የመኪና ባትሪ 40 እና 60 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ ፍሪጅና መብራት ለቀናት ይይዛል። እኔ ለቤት የተለየ ባትሪ አልገዛሁም።

ሽቦና ፒንሳ
ጥሩ ነው፣ ግን ሁለት ነገር። መኪናው ቤት ከሌለ መብራትም የለም። ሁለተኛ፣ ያንን ገመድ ግድግዳ ሶኬት ላይ መልሰህ ሰክተህ ቤቱን በሙሉ እንዳታበራ። መብራት በድንገት ሲመጣ ሁለቱ ይጋጫሉ፤ ምሰሶ ላይ የሚሠራ ሠራተኛም ሊሞት ይችላል። ማከፋፈያ ገመድ ዘርግተህ ዕቃዎቹን በቀጥታ ስካ።

የሰሚቷ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ሦስተኛ ሰው መጣ። 15 ኪሎዋት ሰዓት ሊቲየም፣ ስም የሌለው፣ ዋጋው ከባለ 5 ትንሽ ብቻ የሚበልጥ። «አንድ ሰው ተሸክሞት ይወጣል» አለኝ። አጓጉቶኛል።

ጡረተኛው ኤሌክትሪሺያን
አንድ ሰው ከተሸከመው 15 አይደለም።

ሽቦና ፒንሳ
ጋሼ ጨርሰውታል። ግን ላብራራው። ያን ያህል ባትሪ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ባለ 280 አምፒር ሰዓት 16 ሴል ነው የሚኖረው፤ አንዱ ሴል 5.4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሴሎቹ ብቻ ከ85 ኪሎ በላይ ናቸው፣ ሣጥኑ ሲጨመር መቶን ያልፋል። ባለ 5 ኪሎዋት ሰዓቱ ራሱ ከ40 እስከ 50 ኪሎ ነው። ሚዛን አይዋሽም፤ መርካቶ ሚዛን ሞልቷል።

ሲገጠምልሽ ደግሞ ገንዘቡን ጨርሰሽ ሳትከፍዪ ፈትኚው። ባትሪውን ሙሉ አድርገሽ ፓኔሉንም መብራቱንም አጥፊና 1 ኪሎዋት የሚስብ ሂተር ስኪበት፤ ቴርሞስታት ያለውን አይደለም፣ እሱ እየቆመ ያሳስትሻል። 5.12 የተባለ ባትሪ ከአራት ሰዓት በላይ መያዝ አለበት። በሁለት ሰዓት ተኩል ካለቀ ከአሮጌ መኪና የወጣ ሴል ነው የገዛሽው።

ስም ያላቸውን ብትመርጪ ይሻላል የምልበት ምክንያት ለጌጥ አይደለም። እንደ ፓይሎንቴክ ያለ ባትሪ እንደ ግሮዋት፣ ዴይ ወይም ቪክትሮን ካለ ኢንቨርተር ጋር በኔትወርክ ገመድ ይነጋገራል፤ ስንት ልሙላ፣ መቼ ላቁም የሚለውን ባትሪው ራሱ ያዛል። የማይነጋገር ከሆነ ኢንቨርተሩ በቮልት ብቻ ይገምታል፤ የሊቲየም ቮልት ደግሞ ከ20 እስከ 90 በመቶ ድረስ እምብዛም ስለማይንቀሳቀስ ስክሪኑ ላይ የምታዪው ፐርሰንት ግምት ነው። «50 በመቶ ነበር፣ ድንገት ጠፋ» የሚሉት ለዚህ ነው።

ዳቦና ሻይ
አንድ የምር ጥያቄ ልጠይቅ። ይህ ሁሉ ከመብራት ሂሳብ ቀንሶ ራሱን ይመልሳል?

ሽቦና ፒንሳ
አይመልስም። ታሪፉ ከ2017 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው፤ ቢሆንም የእኛ መብራት አሁንም ርካሽ ነው። ብሩ በገበያ ዋጋ ከዋለ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሰማይ ነክቷል። «በሦስት ዓመት ራሱን ይመልሳል» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ስሌቱን በወረቀት ጻፍልኝ በሉት። የምትገዙት ያልተበላሸ ኢንሱሊን፣ ያልተቋረጠ ሥራና የናፍጣ ወረፋ የሌለበት ማታ ነው። ለዚያ የሚከፈለውን እያንዳንዱ ቤተሰብ ያውቀዋል።

ነርስ ከየካ
ስለ ኢንሱሊኑ አንድ ነገር። ያልተከፈተው ነው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ ያለበት፤ የተከፈተው ቀዝቀዝ ባለ ክፍል ውስጥ አራት ሳምንት ያህል ይቆያል፣ የእናትሽን ዓይነት ወረቀቱ ላይ አረጋግጪ። ፍሪጅ ደግሞ በሩ ካልተከፈተ አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ባትሪው ዝቅ ሲል መጀመሪያ ቴሌቪዥኑን አጥፊ፣ ፍሪጁን መጨረሻ።

የሰሚቷ
ወሰንኩ። ሊቲየሙን፣ ባለ 5.12ቱን፤ ቢኤምኤሱ 100 አምፒር የሚለቅ መሆኑ በጽሑፍ ተሰጥቶኛል። ምጣዱ በራሱ ብሬከር። ፓኔሉን ግን ባለቤቴ አራት ይበቃል ይላል። ኢንቨርተሩስ ላይ የማስተካክለው ነገር አለ?

ሽቦና ፒንሳ
ፓኔሉን ስድስት አድርጊው። ክረምት ላይ በቀን አራት ሰዓት ያህል ሙሉ ፀሐይ ብትቆጥሪ ስድስቱ ብክነቱ ተቀንሶ ወደ 10 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣሉ፣ አራቱ 6.5። ከሁሉ የጨለመው ቀን ከዚህም ግማሽ ነው። ከባትሪው ይልቅ ፓኔል ርካሽ ነው፣ እዚያ ላይ አትቆጥቢ። ፊቱ ወደ ደቡብ፣ ተዳፋቱ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ፤ ዝናቡ አቧራውን እንዲያጥበው ጠፍጣፋ አይተኛ።

ቅንብር ላይ ሦስት ነገር እዪ። የባትሪ ዓይነት ሊቲየም ይሁን፤ ከፋብሪካ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ የእርሳስ ባትሪ ላይ ነው። ኢኳላይዜሽን (ለእርሳስ ባትሪ የሚደረግ ከፍ ባለ ቮልት መሙላት) የሚል ካለ ይጥፋ፣ ለሊቲየም ጠላት ነው። ቅደም ተከተሉ ደግሞ «ሶላር፣ ባትሪ፣ መብራት» ከሆነ ቀን መብራት እያለ ባትሪውን ይጨርስልሽና ማታ ሲሄድ ባዶ እጅሽን ትቀሪያለሽ። ያንቺ ዓላማ መጠባበቂያ ስለሆነ «ሶላር፣ መብራት፣ ባትሪ» አድርጊው።

ሰሚት ቮልቱ ይዋዥቃል። ብዙ ኢንቨርተሮች ላይ ሁለት ምርጫ አለ፤ ዩፒኤስ የሚለው ከ170 ቮልት በታች ሲወርድ ወደ ባትሪ ይዞራል፣ ሌላው እስከ 90 ድረስ ዝም ብሎ ያሳልፋል። ለፍሪጅሽ ስትዪ ዩፒኤስ ላይ አድርጊው።

የሰሚቷ
ባትሪውን የት ላስቀምጠው? አንዱ ገጣሚ እንግዳ ክፍል ጥግ አለ፣ ሌላው ከማድቤቱ ጀርባ ያለው ዕቃ ቤት። ኢንቨርተሩ በረንዳ ላይ ነው የሚሆነው፣ መካከላቸው ስምንት ሜትር አለ።

ጡረተኛው ኤሌክትሪሺያን
ስምንት ሜትር አይሆንም። ባትሪና ኢንቨርተር ጎን ለጎን ናቸው፣ ገመዱ ከሁለት ሜትር አይብለጥ። 5 ኪሎዋት በ48 ቮልት ከ100 አምፒር በላይ ነው፤ ባለ 35 ሚሊሜትር ካሬ የመዳብ ገመድ ይግዙ። ሁለቱም ዕቃ ቤት ይግቡ፣ ከማድቤቱ ግድግዳ ግን ይራቁ፣ ከወለል ከፍ ይበሉ። የሚረዝመው የፓኔሉ ሽቦ ይሁን፤ ስድስቱ ተከታትለው ሲያያዙ ወደ 300 ቮልት ዲሲ (ከፓኔልና ከባትሪ የሚወጣው ቀጥተኛ ጅረት) ነው፣ ልጆች የማይደርሱበት ቧንቧ ውስጥ ይሂድ። ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ እዚያው አጠገቡ፣ 150 አምፒር የዲሲ ፊውዝ።

የሰሚቷ
ፕሮፎርማው ላይ ፊውዝ የሚል የለም። ብሬከር ነው ያለው።

ጡረተኛው ኤሌክትሪሺያን
ብሬከሩ ላይ ዲሲ የሚል ካልተጻፈበት መልሺው። የቤት ብሬከር ዲሲን ሲቆርጥ እሳቱን ማጥፋት ያቅተዋል። ዋጋው ከባትሪው አንጻር ምንም ማለት አይደለም፤ ነገ ሂጂና አስጨምሪ።